መነጽሩ ያለበት አንገት

ኦክላንድ፣ ማርች 17 ቀን 1996

ለውድ እህቴ ለተናኘ፣

ይህቺ ወረቀት ደህና ቀን ላይ፣ ደህና ሆነሽ ትድረስሽ። ብሩኪን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ አድጌያለሁ ብሎ እንዳይሸሽሽ፣ አክስትህ ናት ያዘዘችኝ በይው። እኔና ልጄ ናዝሬት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት ከበላያችን ፎቅ የሚኖሩት እማማ የወርቅውሃ ናቸው። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ብረት ገባላቸው። ሐኪሙ በሦስተኛው ቀን «ተነስተው ይራመዱ» ቢላቸው «መጀመሪያ ያንተን ይቅደዱትና አብረን እንራመዳለን» አሉት። ልጃቸው ደግነት ፓሎ አልቶ ጥሩ ሥራ ይዟል፣ ሚስቱም ሁለተኛዋን አርግዛለች። ግን እናቱን የሚያይበት ቀን የለውም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በዊልቸር የማወጣቸው እኔ ነኝ።

ትናንትም የሰፈሩ አዛውንቶች ሽርሽር ስለነበራቸው አብሬያቸው ሄድኩ። የት መሰለሽ? የጦር መርከብ ለማየት! ፍሪጌት ይሏታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋች ናት፤ ዛሬ ወደቡ ላይ ታስራ ሰው በቲኬት ይጎበኛታል። እማማ ደረጃውን ስለማይችሉ «እኔ እዚህ ፀሐይ ልሙቅ፤ አንቺ ግቢና የወንድምሽን ኑሮ እይ» አሉኝ። ናዝሬትን ለማስተርጎም ይዤ ገባሁ። ባልገባ ይሻለኝ ነበር ተናኘ። ቆይ፣ ገብቼ ጥሩ አደረግሁ።

አስጎብኛችን ሚስተር ኦርቪል የሚባል ሰባ አራት ዓመት የሆነው ሽማግሌ ነው፤ በልጅነቱ እንዲህ ባለች መርከብ ላይ ያገለገለ። ቀጥ ባለ የብረት መሰላል፣ ፊታችንን ወደ መሰላሉ አዙረን ወረድን። አልጋዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ሸራዎች ናቸው። በአንዱና በሌላው መሐል ክርን አይገባም፤ መገላበጥ ያማረው ሰው መሬት ወርዶ ተገላብጦ ነው የሚመለሰው። ልብስ ማስቀመጫቸው የጫማ ካርቶን ያክላል። ገላቸውን ሲታጠቡ ትንሽ ይረጥቡና ውሃው ይዘጋል፣ ሳሙና ይመቱና እንደገና ለደቂቃ ይከፈታል። ወጥ ቤቱ የመቶ ስልሳ ሰው ዳቦ የሚጋገርበት ነው፣ ግን የእኔን ባኞ ቤት አያህልም። ማዕበል ሲነሳ ድስቱ እንዳይገለበጥ ምድጃው ላይ በብረት ያስሩታል። ያን ሁሉ እያየሁ ስስቅ ነበር። ኋላ ሽማግሌው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ከራሱ በላይ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ናዝሬት «ማም፣ ዋተሩ እስከዚህ ነው ይላል» አለችኝ። ለካ የቆምነው ከባሕሩ በታች ነው። ወንድሜን ሳህሌን እዚያ ሸራ ላይ ተኝቶ አየሁት። ሳቄ ቆመ።

ከዚያ ላይ ወጣን፤ ቃኚው የሚቆምበት ቦታ። ሽማግሌው ከመስቀያው ላይ አንድ ትልቅ የጦር ሜዳ መነጽር አወረደና እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል አስተርጉሜዋለሁ። «ቃኚ ለአራት ሰዓት ይቆማል። ተኪው ካልመጣ፣ ቢታመምም ቢርበውም አይወርድም። ተኪው ሲመጣ መነጽሩን ከራሱ አንገት አውልቆ በተኪው አንገት ላይ ያጠልቅለታል። ለአንድ ቦታ አንድ መነጽር ነው። ተረኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግሽም፤ አንገት ማየት ነው። መነጽሩ ካንቺ አንገት ላይ ካለ፣ ታች የተኛው ሁሉ ነፍስ ካንቺ አንገት ላይ ነው።»

ለእኔ ማስረዳት አያሻኝም። ሄይዋርድ የምሠራበት የአዛውንቶች ቤትም የመድኃኒት ቁልፉ በክር ነው የሚንጠለጠለው። ተኪዬ እስክትመጣ ካንገቴ አይወርድም፤ ክኒን ቢጎድል ቁልፉ ያለበት አንገት ነው የሚጠየቀው።

እስቲ አሁን የደምመላሽን ሳሎን አስቢልኝ። የሳህሌ ጓደኛ፣ ሳህሌ ከሞተባት ከባሕር ኃይሉ ጀልባ ተርፎ «ተረኛው ቃኚ ሳህሉ ነበር፤ ቆሞ እንቅልፍ ጣለውና አለት ላይ ወጣን፤ ስድስት ሰው አስፈጀ» ብሎ ቃሉን የሰጠው ደምመላሽ። ዛሬ ሳን ሆዜ ላይ ነዳጅ ማደያ ያለው፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር። የመስታወት ቁም ሳጥን አለው። በዓል በመጣ ቁጥር ከዚያ ውስጥ የባሕር ኃይሉን መነጽር ያወጣና «ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ አለቱን መታን። እኔ ይኸ መነጽር ባንገቴ እንዳለ ባሕር ገባሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስዋኝ አላወለቅሁትም» ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እጄ ይቆረጥ!

ተናኘ፣ ተረኛው ሳህሉ ከነበረ መነጽሩ በደምመላሽ አንገት ላይ ምን ይሠራ ነበር?

ሙሉመቤት የምትባል ሴት አለች፤ ባሏ ከስድስቱ አንዱ ነው። እዚህ ከመጣች አምስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ አንድ ቀን ሰላም ብላኝ አታውቅም። አጠገቤ ወንበር ባዶ ሆኖ እሷ ቆማ ታስቀድሳለች። አልፈርድባትም፤ የባሏን ገዳይ እህት አድርጋ ነው የምታየኝ። እናቴም በዚሁ እፍረት አንገቷን ደፍታ ሞተች።

ሳህሌ ለአንቺ ለሚስቱ ከአሰብ ይጽፍልሽ ነበር። ያኔ እኔ ሱዳን ነበርኩና የማውቀው ነገር የለም። የኛም መርከበኞች መነጽሩን እንዲህ ይቀባበሉ እንደሆን፣ ስንት ሰዓት ላይ ተረኛ እንደነበር ጽፎልሽ እንደሆን ሳጥንሽን ፈትሺልኝ። የሚመጣው መስከረም 11 አስር ዓመት ይሞላዋል። ያን መነጽር በደምመላሽ አንገት እንደ ገመድ ካላጠበቅሁት እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

እህትሽ ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለሀረግዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የፈጠረን አምላክ ጉልበትሽን አይንሳሽ። እኛ በቸርነቱ አለን። ለፋሲካ የላክሽው ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ለእማማ የወርቅውሃ ጠበል እየረጨሁ ስማቸውን ጠርቻለሁ በያቸው። የታችኛው ቤት ሴትዮ በበዓሉ ማግስት መጥታ ስትጫወት ዋለች፤ ልጇ ናዝሬት ከተማ ተዛውሯል። የቀበሌው ሰውዬም መጥቶ ስለ ብሩኪ ጠይቆኝ ሄደ፤ ለምን እንደጠየቀኝ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ስለ ደብዳቤዎቹ ላልሽው፣ ሳጥኑን አይጥ ገብቶበት ነበር። የቀረ ነገር ያለ አይመስለኝም። ደግሞስ ሀረግዬ፣ የሞተ ሰው ሰዓት ቆጥረን ምን እናደርጋለን? ለደምመላሽ ምንም እንዳትዪ። ሳን ሆዜም ባትሄጂ ደስ ይለኛል፤ ከሄድሽም እንደ ወትሮሽ ተጫወቺ፣ እንደ ወትሮሽ አጨብጭቢ።

አሁን የምለምንሽ ወፍራም ጃኬት ነው፤ ገበር ያለው፣ ለወንድ፣ ቁመቱ ካንቺ አንድ ስንዝር ለሚበልጥ። ቀለሙ ግድ የለኝም፤ ገበሩ ግን ድርብ ይሁን።

እህትሽ ተናኘ


ኦክላንድ፣ ጁን 9 ቀን 1996

ለተናኘ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ብዙ ሰላምታ አልጽፍም።

ትናንት ለደምመላሽ ልጅ ምረቃ ሳን ሆዜ ተጠርቼ፣ እንዳልሽኝ እንደ ወትሮዬ ተቀመጥኩ። መነጽሩ ወጣ። አስር ሰዓት ተኩል፣ አለት፣ ሁለት ሰዓት ዋና። ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ። ኋላ ወጥ ቤት ሳህን ሳቀብል ሚስቱ ምን አለችኝ? «እንኳን ደስ ያለሽ ሀረግ፤ ደምመላሽ የወንድምሽን ልጅ ሊያመጣው ነው። የስፖንሰር ወረቀቱን ፈርሞ ከላከ ሦስት ወሩ፤ አልነገሩሽም እንዴ?» ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። «ለካ ደስታም ሳህን ይሰብራል» ብላ ሳቀችብኝ።

ለካ የቀበሌው ሰውዬ የመጣው ለዚህ ኖሯል! ለካ አይጧ የበላችው ደብዳቤ ሳይሆን ያንቺን ምላስ ነው! ተናኘ፣ የባልሽን ስም ጭቃ ውስጥ የረገጠውን ሰው እጅ ትስሚያለሽ? የእኔ ደመወዝ ለስፖንሰርነት አይበቃም ቢሉኝም ሌላ ሰው ለምኜ አላመጣውም ነበር? ሳህሌ ከዚያ ሸራ ላይ ቀና ብሎ ቢያይሽ ምን ትዪው ነበር?

ደብዳቤ ኖረሽም አልኖረሽም ከእንግዲህ አልጠብቅሽም። በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ በሰው ፊት፣ «ተረኛው አንተ ነበርክ» እለዋለሁ። የሚመጣው ይምጣ። ጃኬቱን ግን ልኬልሻለሁ። ገበሩ ድርብ ነው።

ሀረገወይን


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሀረግዬ፣

ይህን በፖስታ አላመንኩትም፤ ወደዚያ ለሚመለስ ለአንዲት ጎረቤቴ ልጅ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ብርሃን ባለበት ተቀምጠሽ፣ ናዝሬት ሳትኖር አንብቢው።

ደብዳቤው አለ። አይጥ አልነካውም። የደረሰኝ መርዶዬን ከሰማሁ በአምስተኛው ቀን ነው፤ ፖስተኛው ለቅሶ ቤት መሆኑን አላወቀም፤ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ «ከአሰብ ደብዳቤ አለሽ» አለኝ። ሳህሉ በሕይወት ያለ መስሎኝ ሮጥኩ። የተጻፈው መስከረም 8 ነው፣ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት። ምን እንዳለ ብሩኪ ያነብልሻል።

ይዤው የባሕር ኃይል ቢሮ ሄድኩ። አንዱ ሻምበል አነበበው፣ አጠፈው፣ መለሰልኝ። «እመቤት፣ የሞተ ሰው ወረቀት በቁም ያለ ምስክር አይሽርም» አለኝ። ወጣሁ። ከስድስቱ ሟቾች ሚስቶች አንዳቸውም ለቅሶ አልደረሱኝም። ያቺ ሙሉመቤት ያልሻት እስከ ድንኳኑ በር መጥታ፣ በሩ ላይ ተፍታ ተመለሰች። ልጄ ትምህርት ቤት «የእንቅልፋሙ ልጅ» ይሉት ነበር። ያን ጊዜ አንቺ ሱዳን ነበርሽ፤ ብነግርሽ በእግርሽ ትመጪ ነበር። ስለማውቅሽ ነው ዝም ያልኩሽ።

ታዲያ እኔ ረሳሁ መሰለሽ? ሰውዬው አሜሪካ ገብቶ «የጓደኛዬን ልጅ ላሳድግ» ብሎ ሲጽፍልኝ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። በአራተኛው ቀን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድም ጋሼ» ብዬ መለስኩለት። ጋሼ አልኩት ሀረግዬ! በእጄ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለልደቱ ካርድ እልክለታለሁ። አባቱን የበላ እጅ ልጁን ያሻግርልኝ፤ ዕዳዬን የምቀበልበት ሌላ ቢሮ የለኝም።

የኤምባሲው ቀጠሮ ሐምሌ 15 ነው። እስከዚያ ካፍሽ አንዲት ቃል ብትወጣ ያጠፋሽው እኔን ነው። ቪዛው ተመትቶ፣ ልጄ እግሩ እዚያ መሬት ረግጦ፣ ትምህርት ቤት ከተመዘገበ በኋላ ያልሽውን አድርጊ። ደብዳቤውን በላክሽው ጃኬት ገበር ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። በግራ በኩል፣ ከኪሱ በታች። ብሩኪ ያውቃል፤ ሁሉን ነግሬዋለሁ።

አሥር ዓመት ጠብቄያለሁ። ሦስት ወር ጠብቂልኝ። ከዚያ ካላደረግሽው ግን ማንሽም አይደለሁም።

ተናኘ


ኦክላንድ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1996

ለእህቴ፣ ለእናቴ፣ ለተናኘ፣

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰሽ። ባንቺ ላይ ለጻፍኩት ለዚያ ክፉ ወረቀት እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ብሩኪ ደህና ነው፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ ኮሌጁን ጀምሯል፤ ናዝሬት እንግሊዝኛውን እያረመችው እሱ አማርኛዋን ያርማታል፣ ቀኑን ሙሉ ጦርነት ነው። እማማ የወርቅውሃ በከዘራ መሄድ ጀምረዋል።

አሁን ሁሉንም በተራ ልንገርሽ።

ብሩኪ የገባ ዕለት ደምመላሽ ኤርፖርት አበባ ይዞ መጣ። ልጅሽ አቀፈው። ትከሻው ላይ ሆኖ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ ያንቺ ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ትምህርቱ ከተከፈተ በኋላ ለደምመላሽ ኮል አደረግሁለት። «ጋሼ ደምመላሽ፣ ለብሩኪ መምጣት ማኅበሩን መርከብ ላስጎበኝ ነው። የባሕር ሰው አንተ ነህ። መነጽሩን ይዘህ ናልን፣ ልጁ የአባቱን ነገር ይወቅ» አልኩት። ድምፄ ማር ነበር። «ቀኑ መቼ ነው?» አለ። «ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21» አልኩት። በኛ መስከረም 11 መሆኑን አላሰላውም። እዚህ አገር ቀኑን ረስቶታል።

ሠላሳ ሰው መጣ። ሙሉመቤትን ለመጥራት የማኅበሩን ሽማግሌ አቶ ተክለጻድቅን ላክሁባት፤ እኔን ባታከብረኝም እሳቸውን ታከብራለች። መጥታ ከሁሉም ኋላ ቆመች። ደምመላሽ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ መነጽሩን ባንገቱ አድርጎ መጣ። ተናኘ፣ በገዛ እጁ አጥልቆት!

ሚስተር ኦርቪል ያን ሲያይ በደስታ ዓይኑ በራ። «ቃኚ ነበርክ?» አለው። ናዝሬት ለሁሉም በአማርኛ ጮክ ብላ ትተረጉማለች፤ አማርኛዋ ሲሰባበርም አላፈረችም።

«መርከበኛ ነበርኩ» አለ ደምመላሽ፣ ሰዉን በየተራ እያየ። «ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ አለቱን መታን። ይኸው ባንገቴ ነበር።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «አስቸጋሪ ተረኝነት ነበር ማለት ነው» አለው፣ ለማጽናናት።

«ተረኛው እኔ አልነበርኩም። ሌላ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና ተኝቶ ነበር።»

ሚስተር ኦርቪል አልገባውም። እውነት አልገባውም፤ ማንም አልነገረውም፣ ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩት። «ታዲያ መነጽሩ ባንተ አንገት ላይ ምን ይሠራል? በእናንተ ባሕር ኃይል ተረኛ ያልሆነ ሰው ይይዘው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እንደ ልጅ ነበር የጠየቀው።

ደምመላሽ «ያኔ… ሲወድቅ አነሳሁት» አለ።

ብሩኪ ጃኬቱን አወለቀ። የመስከረም ሙቀት ላይ ጃኬት ለብሶ ሲሄድ ሁሉም ሲስቅበት ነበር። ግራውን ገበር በጥርሱ በጠሰውና ወረቀቱን አወጣ። «የአባቴ ደብዳቤ ነው» አለ። «ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ነው የማነበው።» አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን በሰው ፊት እንዴት እንደተሰማ ልጽፍልሽ፦

«…ይህን ወር በሙሉ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ቃኚ ነኝ። አስር ሲሆን ደምመላሽ ይተካኛል። መነጽሩን በገዛ እጄ ባንገቱ አጠልቅለትና ወርጄ ጫማዬን አውልቄ እተኛለሁ። ደምመላሽ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ላለቃ እንዳልነግርበት ይለምነኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ተናኘ፣ ለብሩኪ ከባሕሩ ዳር ዛጎል ለቅሜለታለሁ…»

ዛጎሉ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። ማንበብም አያስፈልግም ነበር። ደምመላሽ ሁለት እጁን ወደ መነጽሩ ሰደደ፤ ሊያወልቀው ፈልጎ ጠፍሩ ጆሮው ላይ ተጠመጠመበት። «አምስት ደቂቃ ነው ዓይኔን የከደንኩት» አለ። «በእግዚአብሔር ስም፣ አምስት ደቂቃ!» ሚስቱ ሸሚዙን ይዛ ስትጎትተው አየሁ። «ሽማግሌው ምን አለ?» ብላ ናዝሬትን ጠየቀቻት። ሚስተር ኦርቪል ግን ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ቆሞ ነበር።

ሙሉመቤት ማንንም ሳታይ ያን ቀጥ ያለ መሰላል ብቻዋን ወርዳ መኝታ ክፍሉ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ እሳት ነው፣ እንባ የለውም። ደምመላሽን አልፋው ሄደች፤ ወንበር እንደሚታለፍ።

አሁን እነማን እንደመጡና ምን እንዳሉ ልንገርሽ። እሑድ የደምመላሽ ሚስት መጣች፤ «ነዳጅ ማደያው ያበሻ ደንበኛ አጣ፤ ልጄ ሰው አያናግርም፤ ረክተሻል?» አለችኝ። «ገና ነኝ» አልኳት። ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ሙሉመቤት ጥቁር ነጠላ ደርባ፣ ድስት በጨርቅ ቋጥራ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ገባች። ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚደረገው ገልብጣ አደገደገች፣ መሬት ተቀመጠች። «ለሳህሉ ለቅሶ ልደርስ ነው። አሥር ዓመት ዘግይቻለሁ። ተናኘ በሯ ላይ መትፋቴን ይቅር ትበለኝ፤ ምራቄ የሚወድቅበትን ሰው አላወቅሁም ነበር» አለችኝ። ተላቅሰን አመሸን ባልልሽም፣ ተላቅሰናል።

እሷ ተቀምጣ እያለች አቶ ተክለጻድቅ ከሌላ ሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ። ደምመላሽ ነው የላካቸው። በፌስታል ያ መነጽር ነበር። «ተጸጽቷል። ይኸን ለልጁ ይስጡልኝ፣ እግዜር ይፈርድብኛል፣ እናንተ ግን ማሩኝ ይላል» አሉ። ብሩኪ ፌስታሉን አልነካም፤ እኔን አየኝ፤ እኔ ሙሉመቤትን አየሁ።

«ይመልሱለት አባቴ» አልኳቸው። «ሳህሉ ባንገቱ ያጠለቀለት ነው። ተረኛው እስካሁን እሱ ነው።»

«እስከ መቼ ልጄ?» አሉኝ አቶ ተክለጻድቅ።

መልሱን የሰጠችው ሙሉመቤት ናት። «የሚተካው እስኪመጣ አባባ» አለቻቸው። «ከሳህሉ ጋር ሰባቱም ባሕር ታች ተኝተዋል፤ ይቀስቅሳቸውና ከመጡለት ያውልቀው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ፌስታሉን አንስተው ወጡ።

እህትሽ ሀረገወይን